አቃቂ በሳይክል፤ ከመዝለላችሁ በፊት ስፕሪንጋችሁን ጠይቁ

መቼም የከተማችን ሰው አቃቂን የሚያውቃት በመኪና መስኮት ነው። ወደ ቢሾፍቱ፣ ወደ አዳማ፣ ወደ ሐዋሳ ሲወርድ አየት ያደርጋትና ያልፋል። «አቃቂ ምን አለ?» ብላችሁ ብትጠይቁት፣ «ፋብሪካ፣ አቧራና ገልባጭ መኪና» ይላችኋል። አልዋሸም፤ ሦስቱም አሉ። እሱ ያላየው አራተኛ ነገር ግን አለ። የሳይክል ሜዳ!

«ለሳይክልማ እንጦጦ አይሻልም ወይ?» የምትሉ አትጠፉም። የእንጦጦ ፓርክ በ2013 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ከተመረቀ ወዲህ ጫካ ውስጥ ሳይክል መንዳት ለብዙዎቻችን የእሁድ ነገር ሆኗል። ነገር ግን እንጦጦ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ መጀመሪያ ሳንባችሁን ይጠይቃችኋል። አቃቂ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ የተንጣለለ ሜዳ ነው። እዚህ የሚፈለገው ዓይንና እጅ ነው፤ ደግሞም በደንብ የተስተካከለ ሳይክል። የዛሬው ወጋችን እንግዲህ ስለ ቦታውም ስለ ሳይክሉም ነው፤ ሁለቱን ለያይቶ ማውራት አይቻልም።

መውረዱ ብድር ነው

ከመስቀል አደባባይ ተነስቶ በሳሪስ፣ በሳሪስ አቦ፣ በቃሊቲ አድርጎ አቃቂ የሚያደርሰው መንገድ አብዛኛው ቁልቁለት ነው። ከ200 ሜትር በላይ ትወርዳላችሁ። ስትሄዱ «ይሄማ ቀላል ነው» ያሰኛል። ቀላልነቱ ብድር መሆኑ የሚታወቃችሁ ማታ ስትመለሱ ነው፤ ያኔ ከነወለዱ ትከፍሉታላችሁ። ስለዚህ ሙዝም፣ ውሃም፣ ጉልበትም ለመልስ አስቀምጡ።

በ2008 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ሥራ የጀመረው የቀላል ባቡር ሀዲድ እስከ ቃሊቲ ድረስ መሀል መንገዱን ይዞ ይከተላችኋል። ግራና ቀኙን ታክሲ፣ አውቶቡስና ገልባጭ ይሻሙታል። ምክሬን ከሰማችሁ እሁድ ጠዋት ከአንድ ሰዓት በፊት ተነሱ። ዋናውን መንገድ ያልደፈራችሁ ደግሞ ፖርቶመጋላ ያለው ሚኒባስ ፈልጉ። ከረዳቱ ጋር ሂሳቡን ሳይክሉ ከመሰቀሉ በፊት ጨርሱ፤ ከተሰቀለ በኋላ ዋጋው ሌላ ነው። ሳይክሉን ስታጋድሙ ማርሽ ያለበት ጎን ወደ ላይ ይሁን። አለበለዚያ አቃቂ ስትደርሱ ማርሽ መቀየሪያው ተጣሞ ታገኙታላችሁ።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ቱሉ ዲምቱ ላይ የሚጀምረው የአዲስ–አዳማ የፍጥነት መንገድ ለሳይክል የተከለከለ ነው። «ጠዋት መኪና የለም» ብላችሁ እንዳትገቡበት።

አቃቂን ከተማ ያደረጋት ባቡሩና ወንዙ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። የጅቡቲው ባቡር እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ ሲገባ የመጣው በዚህ በኩል ነው። ፋብሪካዎቹም ሀዲዱንና ውሃውን ተከትለው በቀሉ። ዝቅ ብሎ ያለው የአባ ሳሙኤል ግድብ በአገራችን ቀደምት ከሆኑት የውሃ ኃይል ማመንጫዎች አንዱ ነው፤ ለረጅም ዓመታት ቆሞ ከቆየ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2016 ታድሶ ዳግም ሥራ ጀምሯል። ወንዙ ግን የከተማውንም የፋብሪካውንም ቆሻሻ ተሸክሞ ነው የሚወርደው። ሳይክላችሁ ምንም ያህል ቢጨቀይ በአቃቂ ወንዝ አትጠቡት፤ እጃችሁን ለምን ትነክራላችሁ?

ጥቁሩና ቀዩ

አቃቂ ሁለት ዓይነት መሬት አላት። አንደኛው ጥቁሩ መረሬ ነው፤ ጤፉና ሽምብራው የሚበቅልበት። ሐምሌና ነሐሴ ላይ መረሬ ውስጥ ሳይክል ይዛችሁ ብትገቡ ሃያ ሜትር አትሄዱም። ጭቃው ጎማውን እንደ ሊጥ ይጠቀልለዋል፤ ጎማውና ሹካው መሀል ይጠቀጠቅና ሳይክሉ ቀጥ ይላል። የኋላ አሞርዛተር ያለው ሳይክል ከሆነማ ጭቃው መጋጠሚያዎቹ ውስጥ ገብቶ ይደርቃል። ከጥቅምት በኋላ ደግሞ ያው መረሬ ይሰነጠቃል። አንዳንዱ ስንጥቅ የፊት ጎማችሁን ሙሉ ይውጣል። ስንጥቁን ተከትላችሁ አትንዱ፤ አቋርጣችሁት እለፉ።

ሁለተኛው ቀዩ ነው። ቱሉ በኦሮምኛ ጉብታ ወይም ተራራ፣ ዲምቱ ደግሞ ቀይ ማለት ነው፤ አካባቢውን ያየ ሰው ስሙ ለምን እንደወጣ አይጠይቅም። ቀዩ አመድ ድሮ እሳተ ገሞራ የተፋው ነገር ነው። ቀላልና ቀዳዳ የበዛበት ስለሆነ ለመንገድ መደልደያም ለብሎኬትም ይፈለጋል። ዝናብ ቢመታውም ውሃውን ቶሎ ያሳልፋል እንጂ አይጨቀይም። የተቆፈረበት ቦታ ላይ ጉብታና ጉድጓድ፣ ተዳፋትና መንደርደሪያ እንዲሁ በነፃ ተሠርቶ ይገኛል። ለሚዘል ሳይክል ከዚህ የተሻለ ምን አለ?

ቀይ አመድ ግን ጥርስ አለው። ጠርዙ ስለታም ነው፤ ጎማም ይቀዳል፣ ጉልበትም ይልጣል። ብናኙ የአሞርዛተሩ ዘንግ ላይ ተለጥፎ ወደ ውስጥ ከገባ ጎሚኒውን እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይበላዋል። ስለዚህ ስትጨርሱ ዘንጉን በደረቅ ንፁህ ጨርቅ ጥረጉት። በውሃ ግፊት የሚያጥቡ ቤቶች አትውሰዱት፤ ውሃው ብናኙን ወደ ውስጥ ይገፋዋል።

የሰኞና የእሁድ ሳይክል

እዚያው ቀይ አመድ ከተዛቀበት አንድ ቦታ ዳር እሁድ እሁድ የሚዘሉ ልጆች አሉ። ብዙ አይደሉም፤ አምስት ስድስት ቢሆኑ ነው። ሁሉንም ትተን ስለ አንዱ እናውራ። ዕድሜው 23 ነው። ብሎኬት ማምረቻ ውስጥ ይሠራል። ሳይክሉ ከፊትም ከኋላም አሞርዛተር ያለው፣ ያገለገለ ነው፤ የገዛው እቁብ ሲወጣለት ነው። ቁም ነገሩ ይሄውላችሁ፦ እሁድ የሚዘልበት ሳይክል ሰኞ ጠዋት ወደ ሥራ የሚወስደውም እሱው ነው። ቴላዩ ቢሰበር የሚቀረው ጨዋታው ብቻ አይደለም። የወር የታክሲ ሂሳብ ከደሞዙ ላይ ተቆርጦ ይሄዳል።

እናቱ ሐሳባቸውን አልደበቁም። «ያቺን ብረት ሽጣትና ተረጋጋ፤ አንገትህን ሰብረህ ማን ሊያስታምምህ ነው?» ይሉታል። እሱ ደግሞ «እማዬ፣ ሰፈር ቁጭ ብዬ ጫት ብቅም ይሻልሻል?» ይላል። ሁለቱም እውነት አላቸው። እንዲህ ዓይነት ክርክር በምክር ብቻ አይፈታም። ሳይክሉን በማስተካከል ግን ግማሹን መፍታት ይቻላል።

የልጁ ሳይክል ችግር ለጆሮም ይሰማ ነበር። ከትንሽ ጉብታ ላይ ዘሎ ሲያርፍ ከኋላ «ቋ!» ይላል፤ ስፕሪንጉ እስከ መጨረሻው ተጨፍልቆ ብረት ከብረት ሲጋጭ ማለት ነው። ወዲያው ደግሞ ተፈናጥሮ እንደ እልኸኛ በቅሎ ቂጡን ይወረውረዋል። ጓደኞቹ «ጠንከር አድርገህ እሰረው» ብለውት ማሰሪያውን አጥብቆ አጥብቆ ጨርሶታል። ለውጥ የለም።

ሰፈሩ ውስጥ ሳይክል የሚጠግኑ አንድ አዛውንት አሉ። ልጁ ወስዶ ሲያሳያቸው ስቀው እንዲህ አሉት፦ «ልጄ፣ ስፕሪንግን ማጥበቅ ማጠንከር አይደለም። የቀጠነች ላም አንገቷን ብታስራት ትወፍራለች እንዴ?»

በሜትር እንጂ በስሜት አይደለም

አዛውንቱ ያደረጉት ነገር ቀላል ነው፤ ማንም ቤቱ ሊያደርገው ይችላል። የሚያስፈልገው የልብስ ሰፊ ሜትርና አንድ ጓደኛ ብቻ ነው።

መጀመሪያ ሳይክሉ ላይ ማንም ሳይወጣ የኋላውን አሞርዛተር ከላይኛው ብሎን እስከ ታችኛው ብሎን ይለኩታል። ቀጥሎ ልጁ ጫማውንም ቦርሳውንም እንዳደረገ ይወጣል፤ ጓደኛው መሪውን ይይዝለታል። ልጁ ኮርቻው ላይ ሳይቀመጥ፣ እንደሚነዳ ሆኖ ሁለቱም ፔዳል ላይ ይቆማል። ያኔ እንደገና ይለካል። የሁለቱ ልዩነት የሰውየው ክብደት ብቻውን ስፕሪንጉን ስንት እንደሚያስጎነብሰው ይናገራል።

የልጁ አሞርዛተር ጠቅላላ የሚጨፈለቀው 40 ሚሊ ሜትር ነው። እሱ ሲቆምበት 16 ሚሊ ሜትር ወረደ። ይህ 40 በመቶ ነው። ገና ሳይዘል ግማሽ ሊደርስ ምንም አልቀረውም ማለት ነው! ለሜዳና ለጥርጊያ መንገድ ከ25 እስከ 30 በመቶ፣ ለዝላይ ደግሞ ከ20 እስከ 25 በመቶ ይበቃል። በሱ ሳይክል ለዝላይ የሚፈለገው ከ8 እስከ 10 ሚሊ ሜትር ነው። ማሰሪያውን ሁለት ዙር ሲያጠብቁት 13 ላይ ቆመ። ከዚያ በላይ ማጥበቅ ትርፉ ስፕሪንጉን መጉዳት ነው። መፍትሔው ጠንካራ ስፕሪንግ መቀየር ሆነ።

ስፕሪንግ ስትገዙ ላዩ ላይ የተጻፈውን ቁጥር አንብቡ፤ 550፣ 650፣ 750 እያለ ይሄዳል። ቁጥሩ በጨመረ ቁጥር ስፕሪንጉ ይጠነክራል። የልጁ 550 ነበር፤ ከተፈታ አሮጌ ሳይክል 750 ተገኘለት። ቁመቱና ውፍረቱ መግጠሙ ታይቶ ተቀየረና አንድ ዙር ብቻ ሲጠብቅ 10 ሚሊ ሜትር ላይ አረፈ። ከዚያ በኋላ ያ «ቋ» የሚለው ድምፅ ጠፋ።

አሞርዛተራችሁ በአየር የሚሠራ ከሆነ ነገሩ ይቀላል፤ ስፕሪንግ አትቀይሩም፣ አየር ትጨምራላችሁ ወይም ትቀንሳላችሁ። ዘንጉ ላይ ያለችው ትንሽ የጎማ ቀለበት የት እንደደረሰች ታሳያችኋለች። ቀለበቷ ጠፍታ ከሆነ ከአሮጌ ካላማዳሪያ ቀጭን ክር ቁረጡና እሰሩበት፤ ያው ሥራ ይሠራል። ለሥራ ቀንና ለእሁድ የሚሆነውን የአየር መጠን ደብተር ላይ ጻፉት።

የፊቱ ሹካ ከኋላው ትንሽ ጠንከር ይበል። 120 ሚሊ ሜትር የሚጨፈለቅ ሹካ ለጥርጊያ መንገድ 24 ገደማ፣ ለዝላይ 18 ገደማ ቢወርድ ጥሩ ነው። ፊቱ በጣም ከለሰለሰ ስትነሱ ጉልበታችሁን ይውጠዋል፤ ስታርፉ ደግሞ አፍንጫውን ደፍቶ በመሪው ላይ አሳልፎ ይወረውራችኋል።

አሁን ስለ «በቅሎው» ልንገራችሁ። ብዙ አሞርዛተር ላይ ትንሽ መዘውር አለች፤ አንዳንዱ ላይ የኤሊና የጥንቸል ሥዕል አለባት። ይህች የተጨፈለቀው ስፕሪንግ በምን ፍጥነት እንደሚመለስ የምትወስን ናት። ኮርቻው ላይ ቁጭ ብላችሁ ቀስ ብላችሁ ከእግረኛ መንገድ ጠርዝ ውረዱ። ሳይክሉ አንዴ ከፍ ብሎ ከተረጋጋ ልክ ነው። ሁለት ሦስት ጊዜ ከነጠረ ወደ ኤሊዋ አዙሩ። ተጨፍልቆ ቀርቶ ቀስ እያለ ከተመለሰ ወደ ጥንቸሏ መልሱት። ለዝላይ ከኋላ አንድ ሁለት ነጥብ ወደ ኤሊዋ ቢጠጋ ይመረጣል። ኮርቻው ቂጣችሁን እንዳይመታችሁ የሚያደርገው እሱ ነው።

ብዙ ሰው ደግሞ ረጅም አሞርዛተር ሁልጊዜ የሚሻል ይመስለዋል። ለአቃቂ ግን አጭሩ ነው የሚሆነው። ሜዳ ላይ ፔዳል ስትረግጡ ረጅሙ እያረገረገ ጉልበታችሁን ይበላዋል። አጭሩ የገፋችሁትን ይመልስላችኋል። ታዲያ ስህተትም ብዙ አይሸፍንም፤ በደንብ ያላስተካከላችሁትን ያጋልጣል።

ጎማና ጎሚስታ

አቃቂ ውስጥ ጎሚስታ ሞልቷል፤ የጭነት መኪና አገር ነው። ጎሚስታው ግን የለመደው የገልባጭ ጎማ ነው። የሱ ኮምፕረሰር የሳይክል ጎማ በጥቂት ሰኮንድ ሞልቶ ሊያፈነዳው ይችላል። «ጋሼ፣ ቀስ እያሉ፣ ትንሽ ትንሽ» ማለትን እንዳትረሱ። የአየር አሞርዛተር ከሆነማ ጭራሽ ኮምፕረሰር አይነካውም! ጎማ ከ30 እስከ 40 በሚል አየር ሲነዳ አሞርዛተሩ ከ100 በላይ፣ አንዳንዱም 200 ይፈልጋል። የሚነፋውም ለሱ በተሠራ፣ መለኪያ ባለው ትንሽ የእጅ ፖምፓ ነው።

ካላማዳሪያ ላለው ወፈር ያለ ጎማ ቀይ አመድ ላይ 35 አካባቢ ጥሩ መነሻ ነው። ጎማው ጎን ላይ ከተጻፈው በታችም በላይም አትሂዱ። ከፈነዳ በኋላ ካላማዳሪያው ላይ እባብ የነደፈው የሚመስል ጎን ለጎን ሁለት ቀዳዳ ካገኛችሁ ጥፋቱ የእሾህ አይደለም፤ አየሩ አንሷል፣ ቸርኬው ነው የነከሰው።

ከዚያ ብሎን። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይባል የለ? ከቤት ሳትወጡ መሪውን፣ የጎማዎቹን፣ በተለይ የኋላ አሞርዛተሩን መጋጠሚያ ብሎኖች አንድ በአንድ ፈትሹ። ኮርቻውን ይዛችሁ ወደ ላይ ሳብ ስታደርጉት «ጓ ጓ» የሚል ክፍተት ካለ አትዝለሉ። ቴላዩ የተበየደበትን ቦታ ጠርጋችሁ ተመልከቱ፤ ቀለሙ ላይ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ካያችሁ የዚያ ሳይክል የዝላይ ዘመን አብቅቷል። ርካሽ ሳይክል ላይ ሁለት አሞርዛተር ስለተገጠመ ብቻ ለዝላይ ተሠርቷል ማለት አይደለም፤ አንዳንዱ ላይ «አትዝለሉ» የሚል ሥዕል ተለጥፎበት ይመጣል።

ዝላዩ ራሱ

ኮርቻውን ዝቅ አድርጉ። የራስ ቁር ያለው ብቻ ይዝለል፤ አንድ ቁር ለአምስት ሰው ከሆነም ተራ በተራ። መጀመሪያ ጉብታውን ሳትዘሉ እየነዳችሁ ደጋግማችሁ እለፉበት። መነሻውና ማረፊያው መሀል ጉድጓድ ያለበትን ተዉት፤ መሀሉ የተሞላውን ምረጡ። ከተሞላው ላይ ቢያጥራችሁ የምታርፉት ደልዳላ ላይ ነው። ጉድጓድ ካለው ላይ ቢያጥራችሁ ግን የምትነሱት በሰው ሸክም ነው። ስትነሱ ጉልበትና ክርን አጠፍ፣ ዓይን ወደ ማረፊያው። በሁለቱም ጎማ፣ ተዳፋቱ ላይ እረፉ። ብቻችሁን አትሂዱ። ገልባጮች በሚጭኑበት ሰዓትና አዲስ በተናደ ገደል ሥር ደግሞ ማንም ቢሆን አይሂድ፤ ተቆርጦ የቆመ ቀይ አመድ ሳያስጠነቅቅ ይናዳል።

ሳይክል ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ በተሳተፈችበት በሜልቦርን፣ እ.ኤ.አ. በ1956፣ ከሯጮቹ ጎን ገረመው ደንቦባንና ጓደኞቹን ይዛ ነበር። ፅጋቡ ግርማይም እ.ኤ.አ. በ2016 በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። የተራራ ሳይክል ራሱ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ካሊፎርኒያ ውስጥ አሮጌ ሳይክል እየጠጋገኑ ከኮረብታ የሚወርዱ ወጣቶች ያመጡት ነገር ነው፤ በ1996 አትላንታ ላይ የኦሎምፒክ ውድድር ሆነ። አጀማመሩ ከአቃቂ ልጆች አይለይም።

የሚለየው ቦታው ነው። ቱሉ ዲምቱ፣ ቂሊንጦ፣ ኮዬ ፈጬ ድሮ እርሻ ነበሩ፤ ዛሬ ኮንዶሚኒየም ናቸው። ቤት ያስፈልጋል፤ ክርክር የለውም። ቀዩም ጉብታ እየተጫነ ይሄዳል፤ ልጆቹ ባለፈው ወር የዘለሉበት በዚህ ወር የለም። ለዚህ ነው እየተገፉ ወደ ገደሉ ጠርዝ የሚጠጉት። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በከተማችን የኮሪደር ልማት የሳይክል መስመር እየተሠራ ነው፤ ደግ ነገር ነው። ለዝላይ ደግሞ የሚያስፈልገው ከዚያ ያነሰ ነው፤ የኳስ ሜዳ ግማሽ የማይሞላ ቦታ፣ ጥቂት ገልባጭ አፈርና አካፋ። አካፋውን ልጆቹ ራሳቸው ይይዙታል። ወረዳው «እሺ» ካለ እናቶችም ልጆቻቸው የት እንዳሉ ያውቃሉ።

የኛው ልጅ ለጊዜው ከእናቱ ጋር ተስማምቷል። መሀሉ የተሞላውን ብቻ ይዘላል፤ ትልቁን የሚሞክረው ለዝላይ ብቻ የሚሆን ሁለተኛ ቴላይ ሲገዛ ነው። ለዚያም አዲስ እቁብ ገብቷል። እሁድ ማታ ዘንጉን ይጠርጋል፣ ብሎኑን ያያል፤ ሰኞ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ብሎኬት ማምረቻው በር ላይ ነው።

እናንተም አቃቂ ስትወርዱ ሜትራችሁን ያዙ። ቸር እንሰንብት።